ማሽኑን ያነቀው ለቅሶ

ኮምፒውተር በለቅሶ ብዛት ታንቆ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ስሰማ ከት ብዬ ነበር የሳቅሁት። ብዙ ሳይቆይ ግን እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው ስክሪን ፊት ተቀምጬ ትንፋሼ ጠፋኝ። የማወጋችሁ ያንን ከሰዓት በኋላና ተከትሎት የመጣውን ንጋት ነው። መርዶ በስልክ ስክሪን እየበረረ የሚመጣበት ዘመን ላይ ስለደረስን ሳልናገረው ብቀር ይቆጨኛል።

ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የሙሄ ልጅ። አባቴ ከደሴ ወደ አስመራ የመጣው በወጣትነቱ ነው። ወደ ቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከአውቶብስ ፌርማታው አጠገብ፣ ጠባብ ሻሂ ቤት ነበረችው። እናቴ ከእኛ ጋር ጥቂት ኖራ፣ ዓይኗ የደከመውን እናቷን ለመጦር ደሴ ተመለሰች። ታናሽ ወንድሜ ጀማል እዚያው ተወልዶ እዚያው አደገ። እኔ ደግሞ የአባቴ ጥላ ስለነበርኩ ከእሱ ጋር አስመራ ቀረሁ። አባዬ በየዓመቱ ለአረፋ ደሴ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ነጻነት መጥቶ አስመራ የሌላ አገር ከተማ ስትሆንም ብዙ አልደነገጠም። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሰዉም ያው ሰው ነበር። «እኔ አንድ እግሬ ደሴ፣ አንድ እግሬ አስመራ ነው፤ ድንበሩ በመሃል ያልፋል እንጂ እኔን ምን ያደርገኛል?» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር።

እኔ ታይፕ ተምሬ፣ ኮምፒውተርም ነካ ነካ አድርጌ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የቪላው ባለቤት ሃብቶም ይባላል። ጀርመን አገር ኖሮ ከነጻነት በኋላ የተመለሰ፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ሲመጣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሞደም ይዞ መጣ፤ በእነሱም «ማሕበር» ብለን የምንጠራት የኢሜይል መድረክ ተቋቋመች። አስመራ የኖረ፣ አስመራ የተማረ፣ አስመራ የናፈቀው ሁሉ አባል ነበር፤ ስዊድን ያለውም፣ ጂዳ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም። አሠራሯ ቀላል ነው። አንድ አባል መልእክት ሲልክ የእኛ ማሽን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ቅጂ ያባዛል። ከዚያ በስልክ መስመር ወደ አውሮፓ ይደውልና ያለውን ያስረክባል፤ የመጣውን ይረከባል። ኢሜይል የሌለው የከተማው ሰው ደግሞ ቪላው ድረስ መጥቶ ጉዳዩን ይነግረኛል፤ እኔ በላቲን ፊደል እጽፍለታለሁ። መልስ ሲመጣ አትሜ እሰጠዋለሁ። ጀማልም አዲስ አበባ ሥራ ሲይዝ በጓደኛው መሥሪያ ቤት በኩል አባል አደረግሁት።

ከዚያ ድንበሩ ላይ ተኩስ ተሰማ። ወደ ኢትዮጵያ ስንደውል ስልኩ ዝም አለ። መንገዱ ተዘጋ። ሰፈር ውስጥ ክፉ የተናገረን ሰው አልነበረም፤ ብቻ የደንበኞቻችን ሰላምታ አጠረ። አባዬ ሻሂ ሊቀዳ ሲጠጋ ሬዲዮናቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች በዙ። እሱም ቀልዱን ተወ። በየቀኑ ከሚያውቃቸው የአገሩ ልጆች አንዱ ሱቁን ይዘጋል፤ በማግስቱ ቤቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከባሕሩ በኩል ወጥቶ ቤት ጊዮርጊስን ሲሸፍን፣ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱ ሲጠፋ አየዋለሁ።

በዚህ መሃል ነው ጀማል አጭር መልእክት የላከው። «እማዬ አሟታል። ወደ ደሴ እየሄድኩ ነው። አዲስ አበባ ስመለስ እጽፋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ስልክ የለ፣ ፖስታ የለ፤ ያለችን ቀዳዳ ማሕበሯ ብቻ ነበረች።

አባዬ ጥቂት ቀናት ከታገሠ በኋላ ቁርጡን ነገረኝ። አገራቸው መመለስ የሚፈልጉትን ወደ ድንበሩ ወንዝ የሚወስድ አውቶብስ ሐሙስ ማለዳ ይነሳል። ከወንዙ ወዲያ በእግር ነው። ዳር ዳሩ ፈንጂ አለበት ይባላል፤ አባዬ ደግሞ ጉልበቱ ከታመመ ቆይቷል፤ ልቡም ደህና አልነበረም። ከሁሉ የባሰው፣ በዚያ አውቶብስ የሄደ ሰው አይመለስም።

«ስሚኝ ሰዓድዬ» አለኝ፣ ብርጭቆ እየወለወለ። «እናትሽ ተሻላት የሚል ቃል ከመጣ እቆያለሁ። ቃል ካልመጣ ግን ሐሙስ እሳፈራለሁ። የታመመች ሚስት ተቀምጣ እኔ እዚህ ሻሂ አላፈላም።»

«ጉልበትህስ አባዬ? ወንዙንስ?»

«ያሻገረ ያሻግረኛል። አንቺ ቤቷን ጠብቂ።»

ረቡዕ ዕለት ወደ ሥራ ስሄድ እጄ ላይ የቀረኝ ያች አንድ ቀን ነበረች። ዙሁር ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። «ያ ረቢ፣ አባቴን የሚያስቀር ቃል ላክልኝ» አልኩ። ቃሉ ምን ዓይነት እንዲሆን አልለመንኩም። የሚያስቀረው ይሁን ብቻ።

ቪላው ስደርስ ሃብቶም ጆሮው ቀልቶ ማሽኑ ፊት ቆሟል።

«ሰዓዳ፣ ስምዒኒ፤ ማሽኑ ታነቀ።»

«በምን ታነቀ?»

«በለቅሶ!»

ያኔ ነው የሳቅሁት። እሱ ግን አልሳቀም። መምህር ዘርኣይ የሚባሉ፣ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ ሽማግሌ ስዊድን አገር አርፈው፣ ልጃቸው በማሕበሯ አስታውቃ ነበር። እንግዲህ በእድር ያደገ ሰው «ለቅሶ አልደረሰም» መባልን ምን ያህል እንደሚፈራ ታውቃላችሁ። ለልጅቷ ብቻ ቢጽፍ ማን ያይለታል? ስለዚህ እያንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ለሁሉም ይላካል። የዘገየው ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለሁሉም። ሌላው ተነሥቶ «ምንም አይደል ወንድሜ» ይለዋል፤ እሱም ለሁሉም። ማሽናችን እያንዳንዷን እንባ በአባሉ ቁጥር ሲያባዛ ሰንብቶ ዲስኩ ጢም አለ። የስልክ መስመሩም የተቆለለውን አውጥቶ መጨረስ አቃተው።

ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ ሃብቶም ለብዙ ጊዜ ሲያስመጣ የኖረው አዲስ ማሽን አለ።

«ሕጂ፣ አሁኑኑ ብንቀይረው ማታ ሥራ ይጀምራል» አለኝ። «ካልቀየርነው አዲስ መልእክት አይገባም። ቦታ ስለሌለው ደጅ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሊቆይ ይችላል።»

«ወረፋ ላይ ያለውስ?»

«እሱ ይጠፋል። አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ወረፋ አያነብም። የአባላቱን አድራሻ ብቻ ነው የማዛውረው። ግን ምን አለበት? ርእሱን እዪው፤ ከላይ እስከ ታች ለቅሶ ነው።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ ከላይ እስከ ታች ለቅሶ ነው። ልቤ ያን ጊዜ ፈጥኖ አሰላ። የጀማል ቃል ከለቅሶዎቹ መሃል ሊሆን አይችልም። እንግዲያው ከደጅ ነው፤ ማሽናችን እየመለሰው ነው። ማሽኑ ዛሬ ከተቀየረ ማታ ይገባል፤ ካልተቀየረ አባቴ ነገ ይሄዳል።

«እንቀይረው» አልኩ። «አሁኑኑ እንቀይረው።»

«እሺ፤ ግን የማሕበሯ ሊቀ መንበር ይፍቀዱ» አለ ሃብቶም።

ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የቪላውም ጎረቤት የሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሴት። ሲመጡ ሃብቶም ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው፤ ካርቶኑንም ከፍቶ አሳያቸው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እሳቸው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ሰው ያለቀሰውን ለቅሶ እንደምስስ ነው የምትሉኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ወረፋ እኮ ነው! ኮምፒውተር ነው፤ ዳስ አይደለም።»

«ሰው የተሰበሰበበት ሁሉ ዳስ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። የመምህር ልጅ ነገ ‹ማን መጣልኝ፣ ማን ቀረብኝ› ብትለኝ ምን ልመልስላት? ለቅሶ የደረሰ ሰው ስሙ ሳይያዝ አይሸኝም። ስማቸውን ያዙልኝ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ቀይሩ።»

«ጊዜ የለንም!» ብዬ ጮኽኩ። ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የአባቴንም ነገር ነገርኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «ኣጆኺ ጓለይ፤ አይዞሽ ልጄ። እኔና አንቺ ስንሆን ቶሎ ያልቃል። አንቺ ጥሪ፤ እኔ ልጻፍ።»

ምን ይደረግ? ተቀመጥሁ። የላኪዎቹን ስም ከስክሪኑ እያነበብኩ እጠራለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ሃብቶም ከኋላችን ገመድ እየነቀለ አዲሱን ማሽን ያዘጋጃል። በመስኮቱ በኩል ጉሙ መጣ። መጀመሪያ የጎረቤቱን ጣራ ወሰደው፤ ከዚያ የግቢውን አጥር። ሞደሙ እየደወለ ይጮሃል፤ ይቋረጣል፤ እንደገና ይደውላል። ወይዘሮ ለተብርሃን አንዳንድ ስም ሲሰሙ «ይሄስ በሕይወት አለ? ተመስገን» ይላሉ። እኔ እያንዳንዱ ስም ከአባቴ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ይመስለኝ ነበር፤ ተቃጠልኩ።

ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ስም ላይ ድምፄ ቆመ። ጀማል ሙሄ።

«ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

«ነው! ጀማል ነው! ከደሴ ተመልሷል ማለት ነው!» ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሃብቶም ገመዱን ጥሎ መጣ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አጎነበስን። ርእሱ እንደ ሌሎቹ ነው፤ «ስለ መምህር ዘርኣይ ሐዘን» ይላል።

«መምህርን ያውቃቸው ነበር?» አለኝ ሃብቶም።

«ከየት አውቋቸው? አስመራን ረግጧት አያውቅም።»

ይህን ከአፌ ሳወጣ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ እጅ ያረፈብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ከፈትኩት። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው የማውቀው።

«ለማሕበርተኞች ሁሉ። መምህር ማረፋቸውን ሰማሁ። አላውቃቸውም፤ ግን እናንተ ስታለቅሱ እኔም አብሬያችሁ ላልቅስ። ቀብሩ ላይ ብርድ ነበር። አፈሩን በእጄ መለስኩ። ከእንግዲህ ከመንገድ ስመለስ ደጅ ወጥቶ የሚጠብቀኝ የለም። ጋቢዬን አጥቦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣልኝ የለም። ዱዓ አድርጉልኝ። ሰዓድዬ፣ ይህን ካየሽ አባዬ ጋ ብቻሽን አትሂጂ። ሰው ይዘሽ ሂጂ።»

«መምህር የተቀበሩት ስዊድን አይደለም?» ሲል ጀመረ ሃብቶም፤ ሳይጨርስ አፉን ያዘ። ወይዘሮ ለተብርሃን ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተነሥተው ነጸላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ።

እዚያ ላይ ነው እናቴ መሞቷን ያወቅሁት። «ሞተች» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ወንድሜ መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ያውቃል። በሌላ ሰው እጅ ታትሞ አባዬ ጋ ቢደርስስ? ዝም ማለትም ደግሞ አልቻለም። ስለዚህ የተከፈተ ለቅሶ ቤት አገኘና ገብቶ አለቀሰ። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ከጥንትም የነበረ ነው፤ ወንድሜ በማሽን ቢያደርገው ምን ይገርማል?

የዚያን ጊዜ እንባ ሳይሆን ፍርሃት ነው የመጣብኝ። የዙሁሩ ዱዓዬ ትዝ አለኝ። አባቴን የሚያስቀር ቃል ለምኜ ነበር። መጣ።

ሃብቶም ወደ ጥግ ሄደ። አዲሱን ማሽን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ። ከዚያ አጠገቤ ተንበርክኮ ሌላ ለቅሶ ከፈተ፤ ሌላም። ከ«ነፍስ ይማር» በታች፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ «እግረ መንገዴን ለእናቴ በሕይወት አለሁ በሉልኝ» የሚል አለ። «እህቴ ከአስመራ ወጥታ ከሆነ እባካችሁ የሰማ ይንገረኝ» የሚልም አለ። በሐዘንተኛ ቤት የራስ ጉዳይ አይቀድምም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ በጆሮ ይንሾካሾካል። እኛ ርእስ ብቻ እያየን ይህን ሁሉ ልንደመስሰው ነበር። ሃብቶም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁሉም ሳይነበብ ይህ ማሽን አይነካም» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን። የተስማማነው በዚህ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለአባትሽ ዛሬ አትንገሪው። መርዶ በንጋት ነው። ነገ ማለዳ እኛ እንመጣለን።»

«አውቶብሱ በንጋት ነው የሚነሳው!»

«እንቀድመዋለን፣ ጓለይ።»

ከሕይወቴ ሁሉ የከበደኝ ያን ማምሻ ከአባዬ ጋር መቀመጥ ነበር። ቤት ስገባ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶታል።

«ቃል መጣ?»

«ማሽኑ ታንቋል አባዬ» አልኩት። ሐሰት አልነበረም።

«እንግዲያው ሄድኩ።» ፈገግ አለ። ለቀናት ያላየሁት ፈገግታ ነው። ከገበያ የገዛውን ለስላሳ የሱፍ ሻል አውጥቶ አሳየኝ። «ለእናትሽ ነው። ብርድ አይስማማት። ቀለሙ ያምርባታል?»

«ያምርባታል» አልኩ። ሻሉን አጣጥፌ በእጄ ሻንጣው ውስጥ አስገባሁለት። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ከሰሉ፣ ዱቤ ስለማይሰጠው ደንበኛ ሲመክረኝ «እሺ» እላለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ፤ ንጹሕ የነበረውን ደግሜ አጠብኩት።

ንጋት ላይ ጉሙ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። ከጉሙ ውስጥ የአውቶብሱ ሞተር ከፌርማታው በኩል ሲንደቀደቅ ይሰማል። አባዬ ሱብሒ ሰግዶ ጋቢውን ደረበ፤ ሻንጣውን አነሣ። እነ ወይዘሮ ለተብርሃን የሉም። መንገዱን አፍጥጬ ባይም ነጭ ብቻ ነው። «ጥቂት ቆይ አባዬ፣ ሻሂ ላፍላልህ» አልኩት። «ልጄ፣ አውቶብስ ሻሂ አይጠብቅም» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አንድ እግሩ ከደጃፉ ወጣ። ጮኼ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ጀማል «ብቻሽን አትሂጂ» ያለኝ ትዝ ብሎኝ መልሼ ገጠምኩት።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ወጡ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጸላቸውን ዘቅዝቀው ከፊት ናቸው፤ ጎን ለጎን ከመስጊዱ ያመጧቸው ሸህ አሉ፤ ከኋላ ሃብቶም። ጉሙ ታክሲ አሳጥቷቸው በእግር ነው የመጡት። አባዬ ሲያያቸው ቆመ።

«ልትሸኙኝ መጣችሁ?» አለ።

የወይዘሮ ለተብርሃንን ነጸላ አየ። ሸሁን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ አለማልቀስ አልቻልኩም። ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የሚሰበር ነገር እንዳለበት ሁሉ።

«ተቀበረች?» ብቻ አለ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሸሁ። «ሙሄ፣ ልጅህ ጀማል በእጁ ቀብሯታል። ሶብር አድርግ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ለተብርሃን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ እህቱ ጮኸው አለቀሱለት፤ በትግርኛ። ሃብቶም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከፌርማታው አውቶብሱ ጥሩምባ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ፤ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። አባዬ ቀና ብሎም አላየውም። ይቀር ዘንድ ለምኜ ነበር። ቀረ።

በዚያ ለቅሶ ሻሂ ቤታችን ሞላች። ሰላምታቸው ያጠረብን ሰዎች ባኒ ዳቦ ይዘው መጡ። ሬዲዮናቸውን ዝቅ ያደርጉ የነበሩት፣ ሬዲዮውን ቤታቸው ትተው መጥተው ከአባዬ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ድንበር ያነሣ የለም። ሻሉ ሻንጣው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይቶ አንድ ቀን አባዬ ለወይዘሮ ለተብርሃን ሰጣቸው።

አዲሱ ማሽን የተተከለው ወረፋው አንድ በአንድ ተነብቦ፣ ታትሞ፣ ለየባለቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ፈጣን ነበር። ሃብቶምም እንደ ሙሽራ ያየው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው «ይህ ባዶ ነው፣ ደምስሺው» ሲለኝ እጄ እሺ አይለኝም። ማሽን መቀየር አለበት ወይስ የለበትም ስትባሉ፣ መጀመሪያ ውስጡ ማን እያለቀሰ እንደሆነ ጠይቁ። እናንተም ዛሬ በየቡድኑ «ነፍስ ይማር» ሲደረደር ሰልችቷችሁ በጣታችሁ ታሳልፉታላችሁ፤ አውቃለሁ፣ እኔም ይሰለቸኛል። ግን አንዳንዴ ቆም በሉ። ሟቹን የማያውቅ ሰው አብዝቶ ሲያለቅስ ካያችሁ፣ ደህና መሆኑን ጠይቁት።

አባዬ ዓመታት ቆይቶ እዚሁ አስመራ አረፈ። መንገዱ ያኔም ዝግ ነበር። ኢንተርኔቱ ግን ገብቷል፤ የጀማል ስም አጠገብ አረንጓዴ መብራት በርቶ ይታየኝ ነበር። አንድ ቁልፍ ብጫን በዚያው ቅጽበት ይሰማል። «ሰዓድዬ፣ አባዬ እንዴት ዋለ? ዝም አላችሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ቁልፉን ሳልጫን ተውኩት። ለእሱ ሳይሆን አዲስ አበባ ላሉ ጎረቤቱ፣ ለአንድ ሽማግሌ ጻፍኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጀማል መልእክት መጣ። አንድ መስመር ነው።

«ሰው ይዘው መጡ፣ ሰዓድዬ። አላህ ይስጥሽ።»